ሌሊት ዲፕሎይ ማድረግ ለሰለቻችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ኮድን በአውቶሜሽን ስለማውጣት (ዲፕሎይ ስለማድረግ፣ ማለትም አዲስ ኮድ ተጠቃሚው ጋ ስለማድረስ) ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች በብዙ ቡድኖች ውስጥ የማያቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ኮንቲኒየስ ዴሊቨሪና ኮንቲኒየስ ዲፕሎይመንት አንድ ናቸው?

አይደሉም። በዴሊቨሪ እያንዳንዱ ለውጥ ቴስቱን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ፕሮግራም) አልፎ ለመውጣት ዝግጁ ይሆናል፤ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰው ነው። በዲፕሎይመንት ግን ቴስቱን ያለፈው ሁሉ በቀጥታ ተጠቃሚው ጋ ይደርሳል። ለአብዛኛው ቡድን የመጀመሪያው ይበቃል።

ጥያቄ፦ አራት ነን። በወር አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው የምናወጣው። ጄንኪንስ ይሻለናል ወይስ ጊትሃብ አክሽንስ?

ሁለቱም ኮድን በራሳቸው ፈትሸው የሚያወጡ መሣሪያዎች ናቸው። ኮዳችሁ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫው ድረገጽ) ላይ ከሆነ አክሽንስን ተጠቀሙ። ጄንኪንስ ጎበዝ ነው፤ ግን የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ አራት ናችሁ።

እንቅልፍ የሚነሳችሁ ግን የወሩ ለውጥ ተጠራቅሞ በአንዴ መውጣቱ ነው። የሆነ ነገር ሲበላሽ ከሰላሳው ለውጥ የትኛው እንዳበላሸው በምን ይታወቃል? ዛሬ በእጃችሁ የምትጽፉትን ትእዛዝ ሁሉ አንድ ስክሪፕት (ትእዛዞቹን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) ውስጥ አስገቡ። ጥቂት ጊዜ ራሳችሁ አስኪዱት። ሳያስቸግር ሲሠራ ለፓይፕላይኑ (ኮዱን ፈትሾ ለሚያወጣው የአውቶሜሽን ሰንሰለት) ስጡት። ከዚያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየቀኑ አውጡ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ጥያቄ፦ አለቃችን «አውቶሜሽን አደገኛ ነው፣ ሰው በእጁ ቢሠራው ይሻላል» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ናይት ካፒታል የደረሰበትን ንገራቸው። የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት ነበር። አዲሱ ኮድ 8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በእጅ ሲጫን አንዱ ተዘለለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት በተዘለለው ሰርቨር ላይ የነበረ የድሮ ኮድ ተቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድርጅቱ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

ሰው ይረሳል። 8 ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር መድገም የማሽን ሥራ ነው። ሆኖም የአለቃችሁ ስጋት መሠረት የለውም አልልም፤ አውቶሜሽን መጥፎ ኮድንም በፍጥነት ያደርሳል። ስለዚህ የማጽደቂያውን ቁልፍ ለእሳቸው ተዉላቸው፤ ጭነቱን ማሽኑ ይሥራው።

ጥያቄ፦ ቴስታችን በጣም ትንሽ ነው። ሽፋኑ ከኮዱ 80 በመቶ እስኪሞላ እንጠብቅ?

አትጠብቁ፣ አይሞላም። ቢበላሹ ስልክ የሚያስጮሁባችሁን ሦስት አራት ነገሮች ሸፍኑ፦ መግባት፣ መመዝገብ፣ መክፈል። ከዚያ ባግ (የኮድ ስህተት) በተገኘ ቁጥር አንድ ቴስት ጨምሩ። አንዴ እያለፈ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ካለ ዛሬውኑ አስተካክሉት ወይም አውጡት። ቡድኑ «እንደገና አስኪደው» ማለት ከለመደ ቀዩን ምልክት ማንም አያየውም።

ጥያቄ፦ የወጣው ቢበላሽ ኮዱንስ ወደ ቀድሞው እንመልሳለን። ዳታቤዙን ምን እናድርገው?

ይሄኛው እኔንም አቃጥሎኛል። አንድ ጊዜ የአንድ ኮለም (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ዓምድ) ስም ቀየርኩና ከአዲሱ ኮድ ጋር አብሬ አወጣሁት። ግማሹ ሰርቨር ገና በድሮው ኮድ ላይ ስለነበር የማያገኘውን ስም ይፈልግ ጀመር። ደንግጬ ኮዱን ስመልሰው ባሰ፤ አሁን ሁሉም ሰርቨር የድሮውን ስም ይፈልጋል፣ ስሙ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የምሠራው። መጀመሪያ አዲሱን ኮለም እጨምራለሁ፣ የድሮውን አልነካም። ቀጥሎ ኮዱ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አደርግና የቆየውን ዳታ እገለብጣለሁ። ከዚያ ንባቡን ወደ አዲሱ አዞራለሁ። ቀናት አልፈው ሰላም ከሆነ ብቻ ኮዱ የድሮው ላይ መጻፉን አቆማለሁ፣ ከዚያ የድሮው ይሰረዛል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ይወጣል፣ ከመጨረሻው ስረዛ በቀር ለብቻውም ይመለሳል። ረጅም ይመስላል፤ ግን ያለ ጭንቀት ይሠራል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ሥራችንን ዋናው ብራንች (የሁላችንም የጋራ ኮድ) ላይ መርጅ ካደረግን (ካዋሃድን) ያላለቀ ሥራ አይወጣም?

ይወጣል፣ ግን በፊቸር ፍላግ (አንድን የኮድ ክፍል በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ተዘግቶ። ኮዱ ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ተጠቃሚው አያየውም። ሲያልቅ ለጥቂት ሰዎች ትከፍቱታላችሁ፣ ከዚያ ለሁሉም። ሥራው እንዳበቃ ግን ፍላጉንም የሞተውን ኮድም ሰርዙ፤ ስሙንም ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት። ናይት ካፒታል ላይ ያንን የድሮ ኮድ የቀሰቀሰው ለአዲስ ሥራ መልሰው የተጠቀሙበት አሮጌ ፍላግ ነበር።