የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሌሊት ፓርኪንግ፣ ቀን ካልኩለስ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ አክስቴ ቤት ነው የምኖረው፣ 22 ዓመቴ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጀምሬያለሁ፣ ሌሊት ደሞ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ባለፈው ካልኩለስ ሁለት ላይ ሲ አመጣሁ። ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ ለሆነ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለ ይሉኛል ግን ኢንተርኔት ላይ ሳየው ወይ ዕጣ የሚመስል ነገር ነው ወይ ለጥቁር አሜሪካዊ ይላል። እኛ እዛ ውስጥ እንቆጠራለን? ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ፎርሙን) ስሞላ ደሞ የወላጅ ገቢ ይለኛል፣ አባቴ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነው። የአክስቴን ልሙላ እንዴ? (ኤ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የአክስትህን በጭራሽ እንዳትሞላ! ቤቷ ብትኖርም ብታበላህም ለፋፍሳ ወላጅህ አይደለችም። 24 ካልሞላህ፣ ካላገባህና የምታስተዳድረው ልጅ ከሌለህ የሚጠየቀው የአባትና የእናትህ ገቢ ነው፣ ደብረ ብርሃንም ቢሆኑ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የላቸውም ብለህ አትጨነቅ፣ ከ2024-25 ፎርም ጀምሮ ያለ ሶሻልም አካውንት መክፈት ይችላሉ፣ ትንሽ ያደክማል እንጂ ይሆናል። ደሞዛቸውን በሞላህበት ሰሞን ምንዛሪ ወደ ዶላር ትቀይረዋለህ፣ እና ያው የአስተማሪ ደሞዝ በዶላር ስንት እንደሚመጣ አንተም እኔም እናውቃለን፣ እዚህ ላይ ግን ማነሱ ይጠቅምሃል። መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2024-25 ሙሉው 7,395 ዶላር ነበር፣ እንደ ብድር አይመለስም። ፋፍሳ ካልሞላህ ደሞ ከታች የምነግርህም አይሠራም።

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ። ላንተ የሚሆነው ኤስ-ስቴም የሚባለው ነው። ብሩ የሚመጣው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ምንጩ ደሞ የሚገርም ነው፦ ካምፓኒዎች በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ከውጭ ባለሙያ ሲያስመጡ የሚከፍሉት ክፍያ አለ፣ በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት ከሱ ላይ ተቆርጦ እዚህ ላለ ችግረኛ ተማሪ ይሰጣል። ኢንተርኔት ላይ ያጣኸው ለምን መሰለህ፣ ፋውንዴሽኑ ብሩን ለተማሪ በቀጥታ አይሰጥም፣ ለኮሌጁ ነው የሚሰጠው፣ ኮሌጁ ውስጥ ደሞ ግራንቱን ያመጣው አንድ ፕሮፌሰር አለ፣ ተማሪ የሚመርጠው የሱ ቡድን ነው። ስለዚህ ጉግሉን ተወውና ኢንጂነሪንግ ዲፓርትመንት ቢሮ ሄደህ «እዚህ ኤስ-ስቴም አለ ወይ፣ ኃላፊው ማነው» በል። ልትዛወርበት ላሰብከው ዩኒቨርሲቲም ኢሜይል ላክ። ሁሉም ጋ የለም፣ ያለበትም ግራንቱ የተወሰነ ዓመት ነው የሚቆየው፣ በ2025 ደሞ ፋውንዴሽኑ ብዙ ግራንት ሰርዟል፣ ስለዚህ አሁን አለ ወይ ብለህ ጠይቅ እንጂ የአምና ፖስተር አትመን። በዓመት እስከ 15,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል ግን ኮሌጅ ኮሌጁ ይለያያል፣ ከሚጎድልህም አይበልጥም። ግሪን ካርድ ስላለህ ትገባለህ።

ዘርን በተመለከተ፣ ፎርም ላይ ጥቁር የሚለው ሳጥን ከአፍሪካ የመጣንም ይጨምራል፣ ያለ ሀፍረት ምልክት አድርግ። ግን ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ካገደው የ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ብዙ ቦታ ዘርን እየተዉ የቤተሰብ ገቢንና ከቤተሰቡ መጀመሪያ ኮሌጅ የገባ መሆንን ነው የሚያዩት። አባትህ ያለው ዲፕሎማ ከሆነ፣ እናትህም ዲግሪ ከሌላት፣ አንተ የመጀመሪያው ነህ፣ ጻፈው።

ካልኩለስ ላይ ያመጣሃትን ሲ ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። በ1970ዎቹ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሪስማን የሚባል የሂሳብ አስተማሪ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ አብሯቸው እየዋለ አጠና። ሰዉ ሁሉ ስንፍና ነው፣ ቤተሰብ ነው ምናምን ይል ነበር፣ እሱ ያገኘው ግን ልጆቹ እንደ ጉድ ያጠናሉ ግን ለብቻቸው፣ ቻይናውያኑ ደሞ ማታ ተሰብስበው አንዱ የአንዱን እያረመ ነው የሚሠሩት። ከዛ በቡድን የሚሠራ ክፍል ከፈተ፣ ቀላል ማካካሻ ሳይሆን ከባድ ከባድ ጥያቄ እየሰጠ፣ ውጤታቸውም ከፍ አለ። እኛ ሰፈርም ያው ነው እኮ፣ ልጁ ከፓርኪንግ ወጥቶ መኪና ውስጥ ብቻውን ያጠናል፣ አልገባኝም ማለት ያፍራል። ኤስ-ስቴም ከብሩ ሌላ የጥናት ቡድንና አማካሪ ያለው ለዚህ ነው፣ እንደኔ ከብሩ እኩል ነው። ብሩን ካገኘህ ደሞ ሺፍትህን ቀንስበት! ስኮላርሺፕ አግኝቶ ያንኑ ሰዓት እየሠራ መኪና የቀየረ ልጅ አይቻለሁ፣ ካልኩለሱ አልጠበቀውም።

ጥያቄ፦ ልጄ አሌክሳንድሪያ 11ኛ ክፍል ናት፣ ሂሳብ ትወዳለች። አንድ ሰው ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ ብሎ 800 ዶላር ጠየቀኝ። ልክፈል? (እናት)

መልስ፦ አይክፈሉ እህቴ። ፋፍሳ ነፃ ነው፣ ደህና ስኮላርሺፕም ማመልከቻ ብሎ አያስከፍልም። ባልቲሞር አጠገብ ያለውን የዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲን ማየርሆፍ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አሳዩዋት። በ1988 ሮበርትና ጄን ማየርሆፍ በሰጡት ገንዘብ ተመሠረተ፣ መጀመሪያ ለጥቁር ወንዶች ብቻ ነበር፣ አሁን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ውስጥ እስከ ዶክትሬት መሄድ የሚፈልግ ልጅ ነው የሚፈልጉት። የሚገባው ከሃይስኩል በቀጥታ ስለሆነ 12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ማመልከት አለባት። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትጀምርና በኋላ» ካላችሁ እሱ ያመልጣል።

ጥያቄ፦ አሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄዬ) ገና አልተወሰነልኝም፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ፣ ለኔስ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ፋፍሳም ኤስ-ስቴምም ለጊዜው አይሆኑህም፣ ወርክ ፐርሚት ብቻውን አይበቃም። ግን ቨርጂኒያ ቫሳ የሚባል የስቴት ፎርም አለ፣ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉና የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ዝቅ ያለ የትምህርት ክፍያ እንዲከፍሉ ለተፈቀደላቸው ተማሪዎች ነው፣ ኮሌጅህ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቅ። ውጤትህ ከፍ ያለ ከሆነ ደሞ ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወር ተማሪ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፣ ዜግነት አይጠይቅም። ውድድሩ ከባድ ነው። የሚያውቅህ አስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልህ አሁኑኑ ጠይቀው፣ የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተማሪ ነው በሩ ላይ የሚሰለፈው።