መልስ፦ የአስመራው ሲኒማ ኢምፔሮ የተሠራው በ1929 ነው ወይስ በ1937?

ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። ሲኒማ ኢምፔሮ በአርክቴክት ማሪዮ ሜሲና ንድፍ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ሲሆን፣ ይህም በእኛ እስከ ጳጉሜን 1929፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ 1930 ዓ.ም. ስለሚሆን፣ ወሩን በእርግጠኝነት እስካላወቁ ድረስ «1929/30 ዓ.ም.» ብለው ይጻፉ።

በጥያቄዎ ውስጥ የሲኒማውን ስም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር ማያያዝዎ ግን መታረም አለበት። «ኢምፔሮ» (ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት) የሚለው የጣልያንኛ ቃል የሚያወሳው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ያወጀውን የፋሺስት ግዛት ነው። ይህን ሳይጠቅሱ የሕንፃውን ውበት ብቻ ማውሳት ታሪኩን ያጎድለዋል፤ ውበቱም ቢሆን እውነተኛ ነው። ከግንባሩ ላይ ቁልቁል የተደረደሩት ክብ መብራቶችና በመካከላቸው አንድ በአንድ የወረዱት የስሙ ፊደላት ዛሬም በሐርነት ጎዳና ላይ ይታያሉ። አስመራ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እንዲህ ባሉ ሕንፃዎቿ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የኤርትራ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። እኔ ከዓመታት በፊት አስቀድሞ ወደ እኛ አቆጣጠር የተመለሰውን 1929 እንደገና ስምንት ቀንሼ 1921 ብዬ ጽፌ፣ ሲኒማውን ከወረራው በፊት አድርጌው ነበር። ስለዚህ ከመቀነስዎ በፊት ምንጩ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ፤ ከአዲስ አበባ ፒያሳው ሲኒማ ኢምፓየር ጋርም አያምታቱት።