«ዋጋ በኢንቦክስ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት ከጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ በስልክ የምትሸጡ ትንንሽ ነጋዴዎች ናችሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

የሱቄ ሎጎ ቀይ ይሁን አረንጓዴ?

የወደድሽውን ምረጪ። በየወሩ አትቀያይሪው እንጂ።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሀበሻ ቀሚስ የምታሰፋ እህት በቴሌግራም ትሸጣለች። በቀን ሦስት አራቴ ትለጥፋለች። ሰው ያያል፣ ልብ ይሰጣል፣ ገዢ ግን የለም። «ችግሩ ፎቶው ይሆን? የተሻለ ስልክ ልግዛ?»

እህቴ፣ ስልኩ ይቆይ። አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። ወረቀቱ ግራ ጫፍ ላይ የእህቷ ሠርግ የደረሰባት አንዲት ሴት ሳዪ። ቀኝ ጫፍ ላይ ቀሚሱን ለብሳ ሳዪያት። አሁን ከዚህ እስከዚያ የምታልፍበትን ሁሉ በሳጥን በሳጥን አድርጊና በቀስት አያይዢው። ፎቶውን አየች። ዋጋ ፈለገች፤ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል አገኘች። ጻፈችልሽ። ጠበቀች። ልክሽን ላኪ ተባለች፤ እንዴት እንደምትለካ ግን የነገራት የለም። ከዚያ ለማታውቀው ሰው በቴሌብር ቀብድ ላኪ ተባለች። ቀሚሱ ለሠርጉ ይደርስ አይደርስ አታውቅም።

አሁን በእያንዳንዱ ቀስት ላይ «እዚህ ጋ ብትመለስ ምን ሆና ነው?» ብለሽ ጻፊ። ችግሩ የት እንዳለ ራስሽ ታዪዋለሽ። ይህ መንገድ በጭንቅላት ብቻ ሲያስቡት አጭር ነው፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው ርዝመቱ የሚታየው።

ቻናልሽን አየሁት። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ጥለቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ዋጋ ግን አንድም ቦታ የለም። ይሄ ነገር እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። ዋጋ ጠይቆ ከአቅሙ በላይ ከሆነ «በዛብኝ» ማለት ያፍራል። ስለዚህ ወይ ከነጭራሹ አይጠይቅም፣ ወይ ጠይቆ ዝም ይላል። «ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል» እንዳትዪኝ። ተፎካካሪሽ ደንበኛ መስሎ ኢንቦክስ ቢገባ ትነግሪው የለም? ደግሞም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል።

ልኩን በተመለከተ፣ አንድ ቀሚስ በእጅሽ ሳዪና ደረት፣ ወገብና ቁመት የሚለካበትን በቀስት አሳዪ። ፎቶ አንሺውና ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጊው። ከአሥር ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ይህ ይጠቅምሻል።

ሌላዋ ደግሞ «ሁልጊዜ ሳሉ ሳሉ ትለናለህ፣ እኔ ግን ዶሮ እንኳን መሳል አልችልም» ትላለች።

ዶሮ አያስፈልግሽም። የለንደንን የምድር ባቡር ካርታ በ1931 እ.ኤ.አ. የነደፈው ሃሪ ቤክ ሠዓሊ አልነበረም፤ የቴክኒክ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። ጠመዝማዛውን መስመር ሁሉ ቀጥ አደረገው፣ በጣቢያዎች መሀል ያለውን እውነተኛ ርቀትም ተወው። ተሳፋሪው ማወቅ የሚፈልገው የት እንደሚሳፈር፣ የት ባቡር እንደሚቀይርና የት እንደሚወርድ ነዋ። ካርታው በ1933 ታትሞ ወጣ፤ ዛሬም የለንደን ካርታ የእሱን መንገድ ይከተላል። ሳጥን፣ ክብና ቀስት ከቻልሽ ትችያለሽ።

የመርካቶ ጫማ ሰፊ የሆኑ አባት ልጆቻቸው ቲክቶክ ግባ እንዳሏቸው ጽፈዋል። «በዚህ ዕድሜዬ ልጨፍር ነው?»

ኧረ በፍጹም፣ አባቴ። እጅዎን ያሳዩ። የአገራችን ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተደረደሩ ትንንሽ ክፈፎች ከጉዞው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ መወለድ ሲነግሩ ኖረዋል። ፊደል ያልቆጠረም ታሪኩን ይከተለዋል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ቆዳው ሲቆረጥ፣ ሲሰፋ፣ ሶሉ ሲለጠፍ፣ መጨረሻ ላይ እግር ላይ። ልጅዎ ስልኩን ይያዝልዎ። ቆዳው የት እንደተለፋ በራስዎ ድምፅ ቢናገሩበት ደግሞ እሰየው።

ፎሎወር ልግዛ?

አትግዛ።

የውበት ሳሎን ያላት አንባቢ የአንዲት ደንበኛዋን ፎቶ ለጥፋ ነበር። ደንበኛዋ አንሺልኝ አለቻት። «ሥራው የእኔ ነው፣ ደግሞ አምራለች፤ ለምን አነሳለሁ?»

አሁኑኑ አንሺው። ፀጉሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ፊቱ ግን የእሷ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ ይከለክላል። ለወደፊቱ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዢ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ወንድሟ እከሳለሁ እንዳለሽ ጽፈሻል። ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ጠበቃ ሳታማክሪ አንድ መልእክት እንኳን አትመልሺላቸው። ነገ ዛሬ አትበዪ፣ እለምንሻለሁ።

ሱቅ ሳይኖረኝ በፔጅ ብቻ ብሸጥ ግብር እከፍላለሁ?

የወረዳህን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

አራት ሠራተኞች ያሉት አናጺ በየሰኞው ስብሰባ ያደርጋል። «አዲስ ሐሳብ አምጡ እላለሁ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሐሳብ የላቸውም መሰለኝ» ይላል።

ሐሳብማ አላቸው። አንተ እያለህ ግን እንዴት ይናገሩ? ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። አንተ ከተናገርክ በኋላ ደግሞ የተለየ ሐሳብ ማምጣት አለቃን መቃወም ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ሰኞ ለሁሉም ወረቀትና እርሳስ ስጥ። ጥያቄህ ጠባብ ይሁን፤ «ለጠባብ ኮንዶሚኒየም የሚሆን አልጋ እንዴት እንሥራ?» በል። አሥር ደቂቃ ማንም ሳይናገር ሁሉም ይሳል፣ አንተም ጭምር። ስም አይጻፍበት። ወረቀቶቹን አደባልቀህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። መጀመሪያ አስተያየት የሚሰጠው ከሁሉ ታናሹ ይሁን፤ አንተ መጨረሻ ተናገር። የተለማማጁ ሥዕል ላይ ጥያቄ ካለህ «እዚህ ጋ መገጣጠሚያው እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ምን እንዳወጡ ጻፍልኝ፣ ሥዕሎቹንም ላክልኝ።