ያለ ፎቶ እጅሽ ለሚታሰረው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። «ፎቶ አይቼ ስስል ሰው ሁሉ ያደንቀኛል፤ ያለ ፎቶ ልሞክር ስል ግን እጄ ይታሰራል። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?» ብለሻል። አይደለም! እኔ በዚሁ ነገር አራት ዓመት አባክኛለሁ። አንቺ እንዳትደግሚው ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ፎቶውም ወረቀቱም ላይ ካሬ እያሰመርሽ ካሬ በካሬ መገልበጡን ቀንሺ። አቁሚ አላልኩም። መቼም አንቺም እንደኔ የሰው ፎቶ እየሳልሽ ትሸጫለሽ። እኔ በወር አራት አምስት እሸጥ ነበር፤ የጢሙን ዘለላ ሳይቀር አወጣዋለሁ። ግን ካሬ በካሬ ስገለብጥ የማየው ጨለማና ብርሃን እንጂ አፍንጫ አልነበረም። ፊቱ ትንሽ ዞር ቢል ያ አፍንጫ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ይህ የገባኝ አንድ አሳታሚ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ሲሰጠኝ ነው። ቀብድ 8,000 ብር ተቀበልኩ። ታሪኩ የአንድ ልጅና የአህያው ነው። አንዱ ገጽ ላይ አህያዋ መንገድ ላይ ተኝታ አልነሳም ትላለች፤ ልጁ ከፊት ይጎትታታል፤ እኛ የምናየው ከኋላዋ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። የለም። ያገኘሁት በጎን የቆመች አህያ ስለነበር እሷኑ ስድስት ገጽ ላይ ደጋገምኳት።

ሥራውን ይዤ ስሄድ ኃላፊው ተቀመጥ እንኳን አላለኝም። ሦስት ሰው ባለበት ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ደረደረና «ይቺ አህያ አንገቷ አይዞርም? አንተ ሠዓሊ ነህ ወይስ ፎቶ ኮፒ?» አለኝ። ሥራዬ ደካማ ነበር፣ አልክድም። ግን ሰው እንዲህ ይባላል? ቀብዱን በሳምንት ውስጥ መልስ አሉኝ። ግማሹን ቀለም ገዝቼበት ስለነበር ከታላቅ ወንድሜ ተበድሬ መለስኩ። እስከ ዛሬ በዚያ ሕንፃ በር ሳልፍ ቅር ይለኛል።

2. «አይቶ መሳል ማጭበርበር ነው» የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ሰምቼ ተጎድቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በንዴት ፎቶዎቼን ሁሉ አጠፋሁና ስምንት ወር ምንም ሳላይ ከጭንቅላቴ ብቻ ሳልኩ። የወጣው ያው አንድ ፊት፣ ያው ኪስ ውስጥ የተደበቀ እጅ ነው። ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል? ኮሪያዊው ሠዓሊ ኪም ጁንግ ጊ (በ2022 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው) ግድግዳ የሚያህል ወረቀት ላይ ያለ ንድፍ፣ ያለ ፎቶ ሲስል አይተሽ ይሆናል። እሱ ራሱ ግን ሁልጊዜ ነገሮችን እያየ እንደሚያጠና ይናገር ነበር።

3. እዪ፣ ዞር በዪና ሳዪ፣ ተመልሰሽ አስተያዪ። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ጠዋት ጠዋት መርካቶ እህል በረንዳ እሄድ ነበር። አንዲት አህያ ሁለት ደቂቃ ብቻ አያለሁ። ከዚያ ሻይ ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እስላታለሁ። እንደገና ወጥቼ ሌላ አህያም ቢሆን አያለሁ፤ የተሳሳትኩትን በቀይ እስክሪብቶ እዚያው ላይ አርማለሁ። ላጲስ አልነካም።

ያ ቀዩ መስመር ያስተማረኝን ማንም አላስተማረኝም። የአህያ የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የታጠፈውን መገጣጠሚያ ጉልበት እያልኩ ስስለው ኖሬያለሁ። ለካ ተረከዟ ነው! ጉልበቷ ከላይ ሆዷ አጠገብ ነው ያለው። ይህ ሲገባኝ አህያዋን ማስተኛት፣ ማስነሳት፣ ማስሮጥ ቻልኩ፤ የት ጋ እንደምትታጠፍ አውቃለሁና። ጭራዋም እንደ ፈረስ ከሥሩ ጀምሮ ጸጉራም አይደለም፤ እንደ ላም ጫፉ ላይ ነው የሚጎፍረው። ስንት ጊዜ አይቻት አላየኋትም ነበር።

ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ለኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል መምህር ተማሪዎቹን በቃላቸው እንዲስሉ ያሠለጥን ነበር። ቀራጺው ሮዳን የሱ ተማሪ ነው።

4. መርካቶ መሄድ ካልቻልሽ ቤትሽ ጀበና አለ። ሆዷ ኳስ፣ አንገቷ ቧንቧ ነው፤ መጀመሪያ እንዲህ አቅልለሽ ሳያት። ከዚያ አፏን ተመልከቺ። ከዓይንሽ እኩል ከፍታ ላይ ስትሆን የአፏ ክብ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። ማቶቷ ላይ መሬት ስታስቀምጫት ክቡ ይከፈታል። ይህን ከያዝሽ ሳታያት ከላይም፣ ከታችም፣ ቡና ስትቀዳም ትስያታለሽ። ለብርጭቆም፣ ለባልዲም፣ ለሰው ክንድም ሕጉ ያው ነው። የሰው ፊት ላይ ቶሎ አትሂጂ። ፊት ትንሽ ከተሳሳተ ያስታውቃል፤ ተስፋ ያስቆርጥሻል።

እኔ በቀን ግማሽ ሰዓት እየሠራሁ ለውጡን ያየሁት በአምስተኛው ወር ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አሳታሚ 24 ገጽ መጽሐፍ ሰጠኝ። አህያ ነበረበት። ከኋላዋ፣ ከላይዋ፣ ጭነቷ ተንሸራቶ ሳልኳት፤ አንድም ፎቶ አልከፈትኩም። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ መጀመሪያ ያሳየሁት ያን ብር ላበደረኝ ወንድሜ ነው።

ዛሬ ማታ ጀበናዋን ሁለት ደቂቃ እዪና ሌላ ክፍል ገብተሽ ሳያት። ወረቀቱን ከነቀዩ እርማት እዚሁ ለጥፊው፤ እኔም የመጀመሪያዋን የእህል በረንዳ አህያዬን ከሥሩ እለጥፍልሻለሁ።