የቅዳሜ ሩጫ በሰው አገር

ጥያቄ፦ ለሥራ ጥቂት ወራት እንግሊዝ ልቆይ ነው። ባለሁበት አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክረን (በነጻ የሚካሄደውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ) እሮጣለሁ፣ ሁሉም ያውቀኛል። እዚያ ግን ማንንም አላውቅም፣ ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ። እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርብኛል? መጨረሻ ወጥቼ ሰው ሁሉ ቆሞ ቢጠብቀኝስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ትልቁ ስጋትሽ እሱ ይመስለኛል። መጨረሻ አትወጪም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። በየፓርክረኑ ከሁሉም ሰው ኋላ የሚራመድ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል፣ ሥራውም ከማንም ቀድሞ አለመግባት ነው። 5 ኪሎ ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር በእግርሽ ብትራመጂው እንኳ እሱ ካንቺ ኋላ ነው የሚገባው። ሰዓት ያዢዎቹም እሱ እስኪገባ እዚያው ናቸው። ስለዚህ የጠበቀሽ ሰው ካለ ሊጠብቅሽ ብሎ የመጣ ነው፣ አትሸማቀቂ።

ይህ የሚሆነው ነገሩ ከጥንስሱ ውድድር ስላልሆነ ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ፖል ሲንተን ሂዊት ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ ላይ ሲጀምረው የሮጡት 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በብዙ አገሮች ቅዳሜ ጠዋት በነጻ ይሮጣል፣ ምዝገባውም አንድ ነው። ስትመዘገቢ የተሰጠሽ ባርኮድ፣ ማለትም ሰዓትሽ በስምሽ እንዲመዘገብ ስካን የሚደረገው መለያ፣ እዚያም ይሠራል፣ እንደ አዲስ እንዳትመዘገቢ። ሁለተኛ አካውንት ከከፈትሽ ውጤትሽ ለሁለት ይከፈላል፣ ከዚያ ማስተካከሉ ጣጣ ነው።

ባርኮዱን ግን በስልክሽ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። የእንግዳ አገር ኢንተርኔት ጠዋት ላይ እምቢ ቢልሽ ወይ ባትሪሽ ቢያልቅ መሮጥ ትችያለሽ፣ ሰዓትሽ ግን አይመዘገብም። በወረቀት አትመሽ ኪስሽ ክተቺ። ባርኮድሽ ላይ ድንገት አንድ ነገር ብትሆኚ የሚደወልለት ሰው ስልክም አለ። ከመሄድሽ በፊት ቁጥሩ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጪ፣ ማንም በማያውቅሽ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዓቱንም ተጠንቀቂ፣ ከአገር አገር ይለያያል። በእኛ አቆጣጠር እንግሊዝ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ስኮትላንድ 3 ሰዓት ተኩል፣ ደቡብ አፍሪካ 2 ሰዓት፣ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ደግሞ 1 ሰዓት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀደም ብለሽ ድረሺ፣ ለአዲስ መጪዎችና ለእንግዶች አጠር ያለ ገለጻ አለ። መንገዱ ስንት ዙር እንደሆነና የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ የምትሰሚው እዚያ ነው። ከየት እንደመጣሽ ይጠይቃሉ፣ ተናገሪ። ማንንም አላውቅም ያልሽው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እዚያው ነው። ደግሞ ከቤት ሳትወጪ የዚያን ፓርክረን ገጽ እዪ፣ በበረዶ ወይም በማዕበል ምክንያት በዚያው ጠዋት ሊሰረዝ ይችላል።

መድረሻው ላይ ስትገቢ በገመድ በታጠረችው መተላለፊያ ተራሽን ጠብቀሽ እለፊ፣ የፊትሽን ሰው አትቅደሚ። ቁጥር ያለባት ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት እጅሽ ላይ ያስቀምጡልሻል። መጀመሪያ ያንቺን ባርኮድ ስካን ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ የምልክቷን። ከዚያ ምልክቷን መልሺ፣ አደራ! ይዘሻት ከሄድሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ቁጥር ጎድሎ በጎ ፈቃደኞቹ ሲፈልጉ ነው የሚያረፍዱት።

ጥያቄ፦ ለዕረፍት ስንሄድ የ8 ዓመት ልጄን ይዤው ልሩጥ?

መልስ፦ ይቻላል። ከ11 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ አዋቂ በክንድ ርቀት አብሮት መሆን አለበት፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የእሱ ነው፣ ያንተ አይደለም። 5 ኪሎ ሜትር ከበዛበት አንዳንድ ቦታ እሁድ ጠዋት ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። እኔን ብትጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን እመርጥለታለሁ፣ በእኩዮቹ መሃል መሮጥ ሌላ ደስታ ነው።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ያመኛል። ባለቤቴ በሄድንበት ሁሉ ይሮጣል፣ እኔ ኮቱን ይዤ እቆማለሁ። ሰለቸኝ።

መልስ፦ ኮቱን አስቀምጪና ባርኮድ ስካን አድርጊ! በእንግድነት የሄድሽበት ቦታም ቢሆን በበጎ ፈቃድ መሥራት ይቻላል። ስካን ማድረግ፣ ምልክት ማደል፣ መታጠፊያ ላይ ቆሞ መንገድ ማሳየትና ማጨብጨብ፣ አንዱም ጉልበት አይጠይቅም። አንቺም በነጻ ተመዝገቢ፣ ያገለገልሽበት ቀን በስምሽ ይቆጠርልሻል። ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ለዚያ ፓርክረን አስተባባሪዎች ኢሜይል ላኪ፣ ቅዳሜ ሲቃረብ ቦታው ሊሞላ ይችላል። ሐኪምሽ መራመድ ከፈቀደልሽ ደግሞ ያ ከሁሉም ኋላ የሚራመደው ሰው አብሮሽ አለ።