በጃማይካ ጠረፍ ፈረስ ጋልቦ ፏፏቴ ስለ መውጣት፦ ከሰሜን ሸዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በኦቾ ሪዮስ ከተማ አካባቢ፣ የግማሽ ቀን ሽርሽር አለ። ጎብኚው በማለዳ በባሕር ዳር ፈረስ ይጋልባል፣ ከነፈረሱ ወደ ባሕር ይገባል፣ ከዚያም የደንስ ሪቨርን ፏፏቴ በእግሩ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ጠረፍ ፈረሶችን በመንከባከብና ጋላቢዎችን በመምራት ሠርቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሻለሁ። ወደዚያ ለመሄድ ያሰቡና ነገሩን እዚሁ ሆነው ለማወቅ የፈለጉ የአገሬ ሰዎች ጥያቄ ስላቀረቡልኝ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሁለቱን በግማሽ ቀን ማዳረስ ይቻላል? የትኛውስ ይቀድማል?

ይቻላል። ግልቢያው ከባሕሩ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል፣ ፏፏቴው ደግሞ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ የቀረው ጊዜ በመንገድና ልብስ በመለወጥ ያልቃል። ምርጫው ለእናንተ ከተተወ ፈረሱን አስቀድሙ። በማለዳ ፀሐዩ አይበረታም፣ ፈረሱ አልደከመም፣ ነፋሱም ገና ስላልተነሣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው። ፏፏቴውን አስቀድሞ የወጣ ሰው ግን ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠና ልብሱ እንደረጠበ ኮርቻ ላይ ይቀመጣል፤ እርጥብ ሱሪ በኮርቻ ላይ ጭንን እንዴት እንደሚልጥ የጋለበ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልሰው ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ወደቡ ላይ የሚቆሙበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ፏፏቴው በሰው ስለሚጨናነቅ መርከብ የማይቆምበትን ቀን ጠይቃችሁ ብትመርጡ እጅግ ይሻላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈረስ ጋልቤአለሁ፤ በጥምቀት ጉግስም ተጫውቻለሁ። እዚያ ስደርስ የምማረው አዲስ ነገር ይኖራል?

በየብስ ላይ ጥቂት፣ በባሕር ውስጥ ግን ብዙ ይኖራል። በየብስ የሚለየው በመጀመሪያ እርካቡ ነው። በአባቶቻችን እርካብ ጋላቢው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባው። የዚያኛው እርካብ ሰፊ ስለሆነ የእግሩ መዳፍ ፊተኛው ክፍል ያርፍበታል፣ ተረከዝም ወደ ታች ይጫናል። ተረከዝ የሌለው ጫማ ያደረገ ሰው እግሩ በእርካቡ ውስጥ አልፎ ሊያዝና ቢወድቅ ሊጎተት ስለሚችል ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ሁለተኛው ልዩነት ፈረሶቹ ተሰልፈው በእርጋታ መሄድ የለመዱ መሆናቸው ነው። ከመካከላቸው ከሩጫ ውድድር የወጡ አሉ፤ በጉግስ ልማድ ተረከዝዎን ጎናቸው ላይ ቢያሳርፉ የሚነሡበት ፍጥነት ከኋላዎ ያለውን ጀማሪ ጭምር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ችሎታዎን አስቀድመው ለመሪው ይንገሩት፤ ተስማሚውን ፈረስ ይመርጥልዎታል።

በባሕር ውስጥ ግን የየብስ ልማድ ይጎዳል። ወደ ውኃው ከመገባቱ በፊት ኮርቻው ይወርዳል፤ ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ጨውም ያበላሸዋል፣ ደረቱን ጠፍሮ የያዘው ማሰሪያም ፈረሱ እንደ ልብ እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። ጋላቢው በባዶ ጀርባ ወይም በስስ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና ጋማውን ይይዛል። ውኃው ደረቱን አልፎ ሰኮናው ከአሸዋው ሲለቅ ፈረሱ ጭንቅላቱንና አንገቱን ከውኃ በላይ አውጥቶ፣ በአፍንጫው በኃይል እየተነፈሰ በአራቱም እግሮቹ ይቀዝፋል። በዚህ ጊዜ ልጓም መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚዋኝ ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነውና አንገቱ የተሳበበት ፈረስ ይደናገጣል። ከጀርባው ከተንሸራተቱ በፊቱም ሆነ በኋላው እንዳይገኙ፤ እግሮቹ በውኃ ውስጥ የሚመቱት ወደዚያ ነው። ጋማውን ሳይለቁ በትከሻው በኩል በጎን ይንሳፈፉ፤ እርሱ ራሱ ወደ ዳር ያወጣዎታል። እግሩ መሬት ሲነካ ግን በድንገት ከፍ ስለሚል ያን ጊዜ አጥብቀው ይያዙ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ እኔ ዋና አልችልም። ልቅር ወይስ ልሂድ?

ሂጂ፣ ልጄ፤ ነገር ግን አለመቻልሽን ጉዞው ሲጀመር በግልጽ ተናገሪ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያም ጠይቂ፣ ሰደርያ ከሌለም ወደ ባሕሩ አትግቢ። ፈረሱ ሆዱ ብቻ እስኪርስ በጥልቀት የለሹ ዳር መሄድ ይቻላል፤ መሪው ገመዱን ይዞ አብሮሽ ይሄዳል። በፏፏቴው ላይ ዋና የሚያስፈልግበት ቦታ እምብዛም የለም፤ ሆኖም በየደረጃው መካከል ካሉት ገንዳዎች አንዳንዶቹ ጥልቅ ስለሆኑ መሪው ከሚረግጥበት ውጪ አትርገጪ።

ከአንኮበር፦ ሰው ፏፏቴን እንዴት ይወጣል? እኛ አገር ከፏፏቴ ሥር መቆም እንኳን ያስፈራል።

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በሰፊው መመለስ የምፈልገው ይህን ነው፤ መልሱ ያለው በሰዎቹ ድፍረት ውስጥ ሳይሆን በድንጋዩ ውስጥ ነው።

ደንስ ሪቨር 55 ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖረውም ይህን ከፍታ የሚወርደው በአንድ ገደል ሳይሆን 180 ሜትር ያህል በሚረዝም ተዳፋት ላይ፣ በደረጃ በደረጃ ነው። ሲያበቃም በቀጥታ ከባሕሩ አሸዋ ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የሚወጣው ሰው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሽቅብ ይጓዛል። ደረጃዎቹን ያነጸው ውኃው ራሱ ነው። የጃማይካ ምድር ሁለት ሦስተኛው ያህል በኖራ ድንጋይ የተሸፈነ በመሆኑ ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ የሟሟ ኖራ ይሸከማል። ይህ ውኃ በድንጋይ ላይ ሲንኮታኮትና አረፋ ሲያወጣ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ኖራውም በሟሟበት መቆየት ስለማይችል እየረጋ በድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ውኃው ይበልጥ የሚናወጠው በደረጃው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙ ያድጋል፣ ከኋላውም ገንዳ ይፈጠራል። ብዙ ፏፏቴ ዓለቱን እየበላ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይህኛው ግን የራሱን ደረጃ ያለማቋረጥ ይገነባል። አዲስ የሚለጠፈው ኖራ ሸካራ ስለሆነ እግር ይይዛል፤ ሰው ሊወጣው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን የሚያዳልጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ በመሪ እየታገዙ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወጡትም አንዱ ቢያዳልጠው ሌላው እንዲይዘው ነው።

የእኛ ገደሎች ነገር የተለየ ነው። ከደጋው ጫፍ ላይ የሚወረወሩት የሰሜን ሸዋ ፏፏቴዎች የሚወርዱት በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በተነባበረ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። በጀማ ሸለቆ ጥልቀት ውስጥ የኖራ ድንጋይ ቢኖርም እርሱ ያለው ከዚህ ጥቁር ድንጋይ በታች ነው። የላይኛው ጠንካራ ንብርብር ሳይነካ ከሥሩ ያለው ደካማ ንብርብር ይሸረሸራል፣ ከዚያም የላይኛው ተንጠልጥሎ ቆይቶ ተሰብሮ ይወድቃል። ገደሉ ቀጥ ያለው፣ ከሥሩም ናዳ የተከመረው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ አረንጓዴ ልጋግ ሲያበቅልበት ደግሞ ለዝንጀሮም አይመች። ስለዚህ በጃማይካ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ያየ ወጣት እዚህ መጥቶ ያንኑ ልሞክር እንዳይል አጥብቄ እለምናለሁ።

ከአንኮበር፣ ሁለተኛ ጥያቄ፦ ታዲያ እኛ ወጣቶቹ ፈረስና ፏፏቴን ያጣመረ የግማሽ ቀን ጉብኝት በአካባቢያችን ማዘጋጀት አንችልም ማለት ነው?

ማዘጋጀትማ ትችላላችሁ፤ የማይቻለው መውጣቱ ብቻ ነው። ፈረስን የሚያውቅ ሕዝብ፣ ሰፊ ሜዳ፣ የወፍ ዋሻን የመሰለ ደን፣ የጓሳን የመሰለ ጭላዳ የሚሰማራበት ከፍታ አላችሁ። አፄ ምኒልክ በተወለዱበትና በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ተብለው በተጠሩበት አገር የፈረስ ጉዞ ታሪክ ከየትም መዋስ አያስፈልገውም። ጎብኚው በፈረስ ሄዶ ፏፏቴውን ከፊት ለፊቱ ካለው አፋፍ ይመልከት፤ ፈረሶቹ ከገደሉ አፍ ርቀው ይታሰሩ፣ የመጨረሻው መንገድ በእግር ይሁን። በክረምት፣ እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ሳይዘንብ፣ ላይ ሜዳው ላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን በቅጽበት ሊሞላው ስለሚችል ሥሩ ወርዳችሁ አትቁሙ። በመስከረምና በጥቅምት ውኃውም ሳይጎድል፣ ሰማዩም ጠርቶ ይገኛል።

ከጃማይካ ብትወስዱ የምመክራችሁ ሥርዓቱን ነው፦ ጋላቢውን ከመነሣቱ በፊት ማስተማር፣ የራስ ቁር ማልበስ፣ ፊትና ኋላ መሪ ማቆም፣ ከሁሉም በላይ ክብደትን መጠየቅ። በስፋት የሚታወቀው ልክ ፈረስ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ የማይበልጥ፣ ኮርቻው ጭምር ተቆጥሮ፣ ይሸከም የሚል ነው። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ስሌት 90 ኪሎ ይሸከማል፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ግን 50 ኪሎ ብቻ። የእኛ ፈረስ አጭርና ቀለል ያለ ስለሆነ ግዙፍ እንግዳ ሲመጣ ክፍያው ቢያጓጓም በትሕትና እምቢ ማለት ያስፈልጋል። ያ እንግዳ በእግሩ ቢሄድ ቅር አይለውም፤ ምክንያቱ ከተነገረው ያከብራችኋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሪ ነጂ ነኝ። እዚያ ፈረሶቹ ይጎሳቆላሉ ወይስ በሚገባ ይያዛሉ? እንግዳ በምን ያውቃል?

እንደ ባለቤቱ ነው፤ በሚገባ የሚይዝም፣ የማይይዝም አይቻለሁ። አንተ ማንም ሳያስተምርህ ታውቀዋለህ። ኮርቻው ሲነሣ ጀርባውን ተመልከት፣ ገጣባ ከሆነ አትቀመጥበት። የጎድን አጥንቱን፣ ሰኮናውን፣ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ማግኘቱን ተመልከት። ከባሕር የወጣ ፈረስ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ጨው በገላው ላይ ሲደርቅ ያሳክከዋል፣ በላዩ ኮርቻ ሲጫንበትም ቆዳውን ይፍቀዋል። በመርከብ ቀን አንዱ ቡድን ሲወርድ ሌላው ወዲያው የሚወጣበት ፈረስ ካየህ ገንዘብህን ይዘህ ሌላ ቦታ ሂድ። ፈረሱን የሚያሳርፈው የደንበኛው እምቢታ ነው።

ከሞላሌ፦ ጉዞው በጾም ቀን ቢውልብኝስ?

ይህ በጠያቂዋና በንስሐ አባቷ መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ የእኔ ድርሻ ስለ ሰውነት መናገር ብቻ ነው። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታና ከብርድ ተነሥቶ ወደ ባሕር ወለል የወረደ ሰው በዚያ ሙቀትና ወበቅ በብዛት ያልበዋል። ውኃ ሳይጠጡ ግማሽ ቀን ጋልቦ ፏፏቴ መውጣት ራስን ያስታል፤ በድንጋይ ላይ ራስን መሳት ደግሞ አደጋ ነው። ቀኑን መለወጥ ከተቻለ ይለወጥ።

ከዓለም ከተማ፦ ምን እንልበስ? ማተባችንስ?

ለግልቢያው ጭንን የሚሸፍን ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፣ ለፏፏቴው ደግሞ የማይወልቅ የላስቲክ ሶል ያለው ጥብቅ ሸራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ነጠላ ጫማ ውኃው ይወስደዋል። ነጠላና ረጅም ቀሚስ በማረፊያው ይቅሩ። ማተባችሁን መበጠስ አያስፈልግም፤ አንገት ላይ አሳጥራችሁ እሰሩት፣ ከባዱን የወርቅ መስቀል ግን አውልቁ። ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ካልሆነ አትያዙ፤ መሪዎቹ ፎቶ ያነሣሉ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የትኛው ወር ይመረጣል? የጤና ወረቀትስ ይጠየቃል?

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ደረቅና ምቹ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር 20 ገደማ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ዝናብ ከበረታ ፏፏቴው ሊዘጋ ይችላል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባቱን የምስክር ወረቀት ያዙ፤ ክትባቱም ከመነሣታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ከደብረ ብርሃን፦ ኢትዮጵያዊ መሆናችን ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ ዋና ከተማ ወደ ኪንግስተን የገቡበት ቀን በራስታፈራውያን ዘንድ እስከ ዛሬ የሚከበር በዓል ነው። ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን የሰማ ባልደራስ ሥራውን አቁሞ ስለ አገራችሁ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ በአክብሮት መልሱለት።

ከጫጫ፦ ልጄ እዚያ ልትወስደኝ ትፈልጋለች። ዕድሜዬ ከ60 አልፏል፣ ጉልበቴንም ያመኛል። አንተ ምን ትላለህ?

እናቴ፣ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ፈረሱን ሐኪምዎ ካልፈቀደ ይተዉት፤ ልጅዎ ስትጋልብ በባሕሩ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቋታል። በፏፏቴው ጎን ለጎን የተሠራ ደረጃ አለ፤ መደገፊያውን ይዘው፣ ሲደክምዎ እያረፉ፣ ሳይረጥቡ ልጅዎን ከዳር እያዩ ይወጣሉ። ከላይ ወደ ታች ከመውረድ ከታች ወደ ላይ መውጣት ለታመመ ጉልበት ይሻላልና መኪናው በላይኛው በር እንዲጠብቃችሁ አስቀድማ ትነጋገር።