ለአንድ ሰው ተብሎ ሕግ ይወጣል ወይ?

«ወንድሜ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የስቴት ሠራተኛ ነው። ታሞ ሲክ ሊቩ (የሕመም ፈቃዱ) አለቀ። በስሙ ሕግ ይወጣለታል የሚሉኝ እውነት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አዎ፣ እውነት ነው። እኔም ባለቤቴ እስክትታመም ድረስ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

በስቴቱ ምክር ቤት የሰፈሩ ተወካይ ወይም ሴናተር በወንድምሽ ስም የሕግ ረቂቅ ያስገባሉ። ሁለቱም ምክር ቤቶች ካጸደቁት እና ገዥው ከፈረመ መሥሪያ ቤቱ የሕመም ፈቃድ ባንክ ይከፍትለታል። ከዚያ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የፈለገ ብቻ፣ ከሕመም፣ ከግል ወይም ከዓመት ፈቃዱ ቀን ይሰጠዋል። ብር ሳይሆን ቀን የሚዋጣበት እድር በይው። ብዙውን ጊዜ አስቸኳይ ሕግ ተብሎ ስለሚወጣ እንደተፈረመ ሥራ ላይ ይውላል።

እኛ መጀመሪያ የባለቤቴን መሥሪያ ቤት ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) ጠየቅን። «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» አሉን። የተወካያችን ቢሮ ስልክ ያነሳችው ልጅ ግን ገና ነገሩን ሳልጨርስ «ሲክ ሊቭ ባንክ ነው?» አለችኝ። ስለዚህ በቀጥታ እዚያ ደውሉ።

እኛን ያስቸገረን ስሙ ነው። ረቂቁ ላይ ሙሉ ስም ከነመሥሪያ ቤቱ ይጻፋል፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም ያየዋል። ባለቤቴ «አበሻ ሁሉ መታመሜን ይወቅልኝ?» ብላ ሁለት ሳምንት እምቢ አለች። የበሽታው ዓይነት እንደማይጻፍ የቆዩ ሕጎችን አውጥቼ ሳሳያት ነው እሺ ያለችው። ያ ሁለት ሳምንት እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ሂደቱ ራሱ ወራት ፈጅቶብናል።

እስከዚያው ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ከ2021 ጀምሮ ስቴቱ ለራስ ከባድ ሕመም እስከ 20 ሳምንት የደሞዝ ከፊል የሚከፍልበት ፈቃድ አለ። የፌዴራሉ የ12 ሳምንት ፈቃድ ደሞዝ ባይኖረውም ሥራውንና የጤና ኢንሹራንሱን ያቆይለታል። ደግሞ ስቴቱ ለረጅም ሕመም ያቋቋመው የጋራ ባንክ አለ፤ ወንድምሽ ድሮ ተመዝግቦበት ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

የተሰጠው ቀን ለዚያ ሕመም ብቻ ነው። ቢተርፍ ወደ ጋራው ባንክ ይገባል እንጂ ለሰጪው አይመለስም። ይሄን እያወቁ ነው የሰጡን፤ ከባለቤቴ ጋር ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ሰዎች ጭምር።

ተወካዩ ማን እንደሆነ ካላወቅሽ የሚኖርበትን ከተማ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እፈልግልሻለሁ።